የኮሌጅ ዕውቅናና የዲግሪ ትምህርት አጀማመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የ12ኛ ክፍል ውጤት ከሚወጣበት ሰሞን ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ድረስ ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ስለ ዕውቅና የተሰጡት መልሶች በተለይ በኢትዮጵያ ያሉትን የግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከቱ ሲሆን፣ ስለ አንደኛ ዓመት ትምህርት የተባለው ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ ተማሪም ይሠራል። ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ ያቀረብኳቸው ሆን ብዬ ነው። ተማሪው ከዓመታት በኋላ ዲግሪውን ይዞ መውጣት አለመውጣቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ከምዝገባ በፊት ባደረገው ማጣራትና በመጀመሪያዎቹ ወራት በያዘው የአጠናን ልማድ ነውና።

አንድ ኮሌጅ «ዕውቅና አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዕውቅና ማለት ተቋሙ አንድን የትምህርት ፕሮግራም ለማስተማር የሚያስችለው ሥርዓተ ትምህርት፣ በቂ የትምህርት ደረጃ ያላቸው መምህራን፣ መማሪያ ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ እንደ ትምህርቱ ጠባይም ቤተ ሙከራና የተግባር መለማመጃ ያለው መሆኑ በመንግሥት አካል ተገምግሞ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ይህን ሥራ ዛሬ የሚያከናውነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊት ኃላፊነቱ በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ስለነበር፣ ቆየት ባሉ ሰነዶች ላይ የኤጀንሲውን ስም ያየ ሰው ግር ሊለው አይገባም።

ከዕውቅና ጋር በብዛት የሚምታታው የንግድ ፈቃድ ነው። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተለብጦ የተሰቀለው የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ድርጅቱ ሕጋዊ ነጋዴ መሆኑን ከማሳየት አልፎ ስለሚያስተምረው ትምህርት የሚናገረው ነገር የለም።

ኮሌጁ ስሙ የታወቀ ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ማጣራት ያስፈልገኛል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ዋናው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በኢትዮጵያ የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ፈቃዱ ለአንድ የትምህርት መስክ፣ ለአንድ የትምህርት ደረጃ፣ ለአንድ ካምፓስና ለአንድ የአሰጣጥ ስልት ተለይቶ የሚሰጥ ነው። በአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በኮምፒዩተር ሳይንስ ላይኖረው ይችላል። በመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በማስተርስ፣ በአዲስ አበባ ያለው በአዳማ ወይም በሐዋሳ ቅርንጫፉ፣ በመደበኛው መርሐ ግብር ያለው በርቀት ትምህርት ላይኖረው ይችላል።

በማማከር ሥራዬ ካጋጠሙኝ ሁሉ ከልቤ ያልወጣው የአንዲት ተማሪ ጉዳይ ነው። ከመመዝገቧ በፊት እንደ አስተዋይ ልጅ «ዕውቅና አላችሁ?» ብላ ጠይቃለች፤ «አዎን አለን» የሚል መልስም አግኝታለች። መልሱ ውሸት አልነበረም፤ ኮሌጁ እርሷ በመረጠችው የትምህርት መስክ በዋናው ግቢው ዕውቅና ነበረው። እርሷ የተማረችው ግን አዲስ በተከፈተ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ያ ቅርንጫፍ በመስኩ የማስተማር ፈቃድ አልነበረውም። ይህን ያወቀችው ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሳ፣ አባቷ ሁለት በሬ ሸጠው የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ከከፈሉላት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነበር። እርሷ ብልጠት ጎድሏት አልነበረም፤ ያጣችው ጥያቄው እንዴት መጠየቅ እንዳለበት የሚነግራት ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «እኔ በምማርበት በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ የትምህርት መስክ፣ በዲግሪ ደረጃ፣ በማታው መርሐ ግብር ዛሬ የሚሠራ የዕውቅና ፈቃድ አላችሁ ወይ? ሰነዱንስ ላየው እችላለሁ?» በአግባቡ የሚሠራ ኮሌጅ በዚህ ጥያቄ ቅር አይሰኝም፤ የተማሪዎችን ምዝገባና መዝገብ የሚይዘው ክፍል፣ ሬጅስትራሩ፣ ሰነዱን አውጥቶ ያሳያል።

ሰነዱን ካሳዩኝ በኋላ ምን ብዬ ላንብበው?

በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ሙሉ ስም ያንብቡ፤ «ማኔጅመንት»ና «ቢዝነስ ማኔጅመንት» ለጆሮ ቢቀራረቡም በሰነድ ላይ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቀጥሎ የካምፓሱን ስምና አድራሻ፣ የትምህርቱን ደረጃ፣ መደበኛ ወይም ማታ ወይም ርቀት መባሉን፣ በመጨረሻም ፈቃዱ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ያለውና የሚታደስ ስለሆነ፣ ታላቅ እኅትዎ ከአምስት ዓመት በፊት ከዚያው ኮሌጅ በሰላም መመረቋ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያም ያነበቡትን ባለሥልጣኑ ይፋ ከሚያደርገው ዕውቅና ያላቸው ተቋማትና ፕሮግራሞች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ ካላገኙት ወይም ከተጠራጠሩ በአካል ወይም በስልክ ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማት እንደገና እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሥራ በቅርብ ዓመታት ስላካሄደ፣ አምና በዝርዝሩ የነበረ ስም ዘንድሮም እንዳለ አድርጎ መገመት አይገባም። «ዕውቅናው በሂደት ላይ ነው፤ እናንተ ተመዝገቡ፣ ይደርሳል» የሚል መልስ ከሰሙ ደግሞ ክፍያውን ያቆዩት። ሂደቱ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ ካልተሳካ የሚባክነው የተማሪው ዕድሜ ነው።

ዕውቅና በሌለው ፕሮግራም ብማር ምን ይደርስብኛል?

ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታይ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከፋው። ትምህርቱ ይሰጣል፣ ፈተናው ይፈተናል፣ ግሬዱ ይለጠፋል፤ ተማሪው ምንም የጎደለ ነገር አይታየውም። ችግሩ የሚመጣው ማስረጃው ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ነው፤ መሥሪያ ቤት የቅጥር ሰነድ ሲያጣራ፣ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ማመልከቻ ሲቀበል፣ ወይም ማስረጃው ወደ ውጭ አገር ለመላክ እንዲረጋገጥ ሲቀርብ። ከዚህ በተጨማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ መውሰድ ያለበት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ፤ በሕጋዊ መንገድ ያልተመዘገበ ተማሪ ለዚህ ፈተና መቀመጥ ይቸገራል።

አሁን በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ተማሪ ካለ ዝም ብሎ ሴሚስተሩን እስኪጨርስ አይጠብቅ። እስከ አሁን የወሰዳቸውን ኮርሶች የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ትራንስክሪፕት፣ የእያንዳንዱን ክፍያ ደረሰኝ፣ የምዝገባ ስሊፖችንና የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘት ይሰብስብ፤ ከዚያም ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያቅርብ። ሌላ ተቋም ለመዛወር በሚጠይቅበት ጊዜም እነዚህ ወረቀቶች ያስፈልጉታል። በዝውውር ጊዜ የሚያዝለት ኮርስ ሊያንስ ይችላል፤ ሆኖም አንድ ዓመት መድገም አራት ዓመት ከማጣት ይሻላል።

ዲግሪ ለመጀመር የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ስንት መሆን አለበት?

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ በቀጥታ የዲግሪ ትምህርት ለመጀመር መሠረቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ነው። በዚያ ዓመት ይህን ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ50 በታች ሆነው ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን ዝቅተኛ ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች ሪሚዲያል እየተባለ የሚታወቀው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. ተጀምሯል። መመሪያው በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ማየት ያለብዎት እርስዎ የተፈተኑበትን ዓመት ነው። የመግቢያ ነጥብ ሳያሟሉ «እኛ እናስተካክለዋለን» ብሎ የሚመዘግብ ኮሌጅ ካለ፣ ፕሮግራሙ ዕውቅና ያለው ቢሆን እንኳ ተማሪው በሚመረቅበት ጊዜ የመግቢያ ማስረጃው ስለሚመረመር ውጤቱ ዕውቅና ከማጣት አይለይም።

ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ሁሉ ጥሩ ኮሌጅ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ዕውቅና ዝቅተኛው መስፈርት መሟላቱን ያሳያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋማት ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ልዩነት ከበፊቱ ይልቅ ግልጽ አድርጎታል፤ ለማለፍ 50 በመቶ ያስፈልጋል፣ ሳያልፉም ዲግሪው አይገኝም። ስለዚህ ለመመዝገብ ሲሄዱ «ከእናንተ ዘንድ በዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ ለመውጫ ፈተና ተቀመጠ? ስንቱ አለፈ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። በእኔ እምነት ከሕንፃው ስፋትና ከማስታወቂያው ድምቀት ይልቅ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስለ ኮሌጁ ብዙ ይናገራል። በጤና ሙያ መስክ ደግሞ ከዲግሪው ባሻገር ወደ ሥራ ለመሰማራት የሙያ ፈቃድ ምዘናም ስላለ፣ የተግባር ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ቤተ መጻሕፍቱን ግቡና እዩት። ማንም ተቀምጦ የሚያነብ ከሌለና መደርደሪያው ላይ አቧራ ካለ ምልክቱ ጥሩ አይደለም።

ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ለምን አስፈለገ? በቀጥታ ወደ ሙያዬ ብገባ አይሻልም?

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወደ ትምህርት ክፍል ከመግባታቸው በፊት የጋራ ኮርሶችን እንዲወስዱ ተደርጓል፤ በዚህም ምክንያት ሦስት ዓመት ይወስዱ የነበሩ ዲግሪዎች አራት ዓመት ሆነዋል። የሎጂክና የሒሳዊ አስተሳሰብ፣ የጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ የሒሳብ፣ የሥነ ዜጋና ሌሎችም ኮርሶች ይሰጣሉ። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ኮርሶች ከሙያቸው ጋር ምን ያገናኛቸዋል በማለት ቸል ይሏቸዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምደባ የሚደረገው ከተማሪው ምርጫ ጋር የእነዚህን ኮርሶች ውጤት እያዩ ነው፤ በግል ኮሌጅም ቢሆን በዚህ ዓመት የወረደ ነጥብ እስከ ምረቃ ተከትሎ ይመጣል።

በሳምንት ስንት ሰዓት ማጥናት ይኖርብኛል?

ይህ ጥያቄ ከግምት ይልቅ በስሌት ሊመለስ የሚችል ነው። ኢሲቲኤስ በተባለው የትምህርት ጫና መለኪያ እያንዳንዱ ነጥብ የ27 ሰዓት የተማሪ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የክፍል ትምህርት፣ ቤተ ሙከራ፣ አሳይመንትና የግል ጥናት ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። በአንድ ሴሚስተር 30 ነጥብ የተመዘገበ ተማሪ 810 ሰዓት ሥራ ይጠብቀዋል፤ ይህም ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት በላይ ይሆናል። ክፍል ውስጥ የሚያሳልፈው ከዚህ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የቀረውን የሚሞላው ራሱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ መምህሩ ያስተማረውን ደብተር ላይ ገልብጦ ለፈተና ሰሞን ያነብ የነበረ ልጅ፣ ማንም የማይቆጣጠረውን ይህን ትርፍ ጊዜ እንደ ዕረፍት ቢቆጥረው አይገርምም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቡ ርቆ ዶርም የገባ ተማሪማ ፈተናው የባሰ ነው።

የማታ ተማሪ ቀን እየሠራ ይህን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በአንድ ሴሚስተር የሚመዘገብባቸውን ኮርሶች መቀነስና የምረቃ ጊዜው እንደሚራዘም አስቀድሞ መቀበል ነው።

ሲጂፒኤ (ጠቅላላ የውጤት አማካይ) እንዴት ይሰላል? «ዋርኒንግ» የሚባለውስ ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ግሬድ የተወሰነ ነጥብ አለው፤ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ነው፤ ፕላስና ማይነስ ሲጨመር ነጥቡ በዚያው ልክ ይሻሻላል ወይም ይቀንሳል። የግሬዱ ነጥብ የኮርሱን ክብደት በሚያሳየው ክሬዲት ሰዓት ተባዝቶ፣ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ለምሳሌ በባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ቢ፣ በባለ 4 ሲ፣ በባለ 2 ኤ ያመጣ ተማሪ 9፣ 8ና 8 ነጥብ አለው፤ ድምሩ 25 ለ9 ሲካፈል 2.78 ይመጣል። በዚህ ስሌት ክሬዲቱ የከበደ ኮርስ ውጤቱም እንደሚከብድ ያስተውሏል፤ ብዙ ተማሪዎች ግን ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለሚወዱት ኮርስ ነው።

ለመመረቅ ጠቅላላው አማካይ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ከዚህ በታች የወረደ ተማሪ እንደየተቋሙ ደንብ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ አብዝቶ ከወረደ ወይም ማስጠንቀቂያው ከተደጋገመ ይሰናበታል። ድንበሩ በየተቋሙ የሚለይ ስለሆነ የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍ በመጀመሪያው ሳምንት ተነብቦ ማለቅ አለበት። አንደኛው ሴሚስተር ላይ 1.60 ያመጣ ልጅ በሁለተኛው 2.00 ቢያመጣ አማካዩ አሁንም ከ2.00 በታች ነው፤ እኩል ክሬዲት ከወሰደ ለማካካስ 2.40 ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ የሚለውን መከታተል አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቀኝ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ እርሱ ብቻ የቸገረው ይመስለዋል። በቋንቋው የሚቸገር ተማሪ በሁሉም ክፍል ብዙ ነው። የሚረዳው ነገር ምዕራፉን ከክፍል በፊት አንድ ጊዜ ማንበብ ነው፤ ባይገባም እንኳ ዋና ዋናዎቹ ቃላት ለጆሮ እንግዳ አይሆኑም። ለየኮርሱ የቃላት ደብተር ይኑር፤ ቃሉ በአንድ በኩል፣ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፈ ፍቺው በሌላ በኩል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞች ጋር የሚደረግ ጥናት ሐሳቡን በራስ ቋንቋ ለማብራራት እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መልሱን በእንግሊዝኛ ጽፎ መለማመድ ግድ ነው። ሀንድአውት ብቻ ይዞ የሚያጠና ተማሪ ቋንቋው አያድግም፤ በኮርስ አውትላይኑ ላይ የተጠቀሰውን መጽሐፍ ይክፈት።

ኮሌጁ አዲስ ተማሪን ለመርዳት ምን ማድረግ ይጠበቅበታል?

የትውውቅ ቀን ሁሉም ኮሌጅ ያዘጋጃል፤ ዲኑ ይናገራሉ፣ ተማሪው አጨብጭቦ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የሚደረገው ክትትል ነው። የመጀመሪያው ክዊዝ ውጤት ሲወጣ ከግማሽ በታች ያመጣውን ተማሪ አማካሪ መምህሩ በስሙ ጠርቶ ቢያነጋግረው፣ ያልመጣውን ቢያስጠራው፣ ከከፍተኛ ክፍል ተማሪ ጋር ቢያገናኘው፣ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ከሚደርስበት ውድቀት ይድናል። አማካሪ መምህርዎ ማን እንደሆነ፣ ቢሮው የት እንደሆነና ተማሪ የሚቀበልበት ሰዓት መቼ እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ሰው ከታጣ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ይሂዱ፤ ተማሪው ይህን አገልግሎት ሲጠይቅ ኮሌጁን መለመኑ አይደለም።

በውጭ አገር ሆኜ ለታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ እልካለሁ። እንዴት ልከታተለው?

ከአሜሪካም ከዐረብ አገርም ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም በድካም ያገኙትን ነው የሚልኩት። ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት የፕሮግራሙን የዕውቅና ሰነድ ፎቶ ያስልኩ፤ ከላይ በተገለጸው መሠረት ያንብቡት። ክፍያውን ከተቻለ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ያስገቡና ደረሰኙ በተማሪው ስም ይቆረጥ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ግሬድ ሪፖርቱን ይጠይቁ፤ የሚጠይቁት ግን ለመቆጣት አይሁን። ቁጣን የፈራ ልጅ ማስጠንቀቂያውን ይደብቃል፤ የተደበቀ ማስጠንቀቂያም በሚቀጥለው ሴሚስተር ስንብት ይሆናል።

ወንድምዎ ወደ ፊት እርስዎ ወዳሉበት አገር መጥቶ ትምህርቱን ለመቀጠል ካሰበ፣ የዚያ አገር ኮሌጅ ወይም የሰነድ ገምጋሚ ድርጅት ትምህርቱ በአገሩ መንግሥት የታወቀ መሆኑን ይመረምራል። በውጭ አገር ተምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ሰውም በበኩሉ ማስረጃውን ለባለሥልጣኑ አቅርቦ የአቻ ግምት፣ ማለትም ከአገር ውስጥ የትኛው የትምህርት ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ያሠራል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ፤ የወጪ መጋራት ውል ምንድን ነው?

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ አሠራር ነው፤ ተማሪው ከትምህርቱ፣ ከምግቡና ከመኝታው ወጪ የራሱን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንደሚከፍል የሚፈርመው ውል ነው። በየዓመቱ የፈረሙትን ውል ቅጂ ይያዙ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ ስለ ክፍያው መጠየቅዎ አይቀርም።

ታምሜ ወይም በቤተሰብ ችግር ትምህርቱን ማቋረጥ ግድ ቢሆንብኝስ?

ማቋረጥ ነውር አይደለም፤ ሳይናገሩ መቅረት ግን ብዙ ያስከፍላል። ፎርም ሳይሞላ የጠፋ ተማሪ በተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሊሞላበት ይችላል፤ በደንቡ መሠረት ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ፎርም የሞላ ግን ተመልሶ ካቆመበት ለመቀጠል ያመለክታል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ከመሄድዎ በፊት ሬጅስትራር ገብተው ፎርሙን ይሙሉ፣ የሕክምና ማስረጃ ካለዎት ያያይዙ፣ ክሊራንስ (ከኮሌጁ ንብረትና ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ይጨርሱ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ። በራስዎ መሄድ ካልቻሉ ወኪል መላክ ይፈቀድ እንደሆነ ሬጅስትራሩን በስልክ ይጠይቁ። ፎርሙ ላይ የመመለሻው ሴሚስተር የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቀኑ ካለፈ እንደገና መግባት የሚቻለው በአዲስ ማመልከቻ ሊሆን ይችላልና።